አምስት መቶ ስንት ነው? የአፍሪካ ክፍለ አህጉራዊ የተማሪዎች ምዘናዎችና የንጽጽር ችግር



አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ በንባብ 500 አገኘ ቢባል ምን እንረዳለን? ከመቶ በሚታረም ፈተና ላደግን ለእኛ ቁጥሩ ግር ያሰኛል። የዛሬው ንግግሬ በአብዛኛው ይህን አንድ ቁጥር ስለማንበብ ነው።

ቁጥሩ በአካባቢያችን የታወቀው በደቡባዊና ምሥራቃዊ አፍሪካ የትምህርት ጥራት ክትትል ኅብረት፣ በአጭር ስሙ በሳክሜክ፣ አማካይነት ነው። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ1995 በዩኔስኮ የትምህርት ዕቅድ ተቋም ድጋፍ ተመሠረተ፤ በኋላም 15 የትምህርት ሚኒስቴሮችን አቅፏል። ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። በሁለተኛው ዙር ምዘና የተሳታፊ አገሮች ተማሪዎች አማካይ 500፣ መደበኛ ልይይቱም 100 እንዲሆን ተወሰነ። ስለዚህ 500 የማለፊያ ነጥብ ወይም የሺሕ ግማሽ ሳይሆን በዚያ ዙር የተፈተኑት ሕፃናት የቆሙበት ቦታ ነው። በቀጣዮቹ ዙሮች አንዳንድ ጥያቄዎች ስለተደገሙ፣ የጥያቄውን ክብደትና የተማሪውን ችሎታ በአንድ መለኪያ ላይ በሚያስቀምጠው በራሽ ስሌት አዲሱ ውጤት ከቀድሞው ጋር ሊነጻጸር ይችላል። በእኔ ግምት ከነጥቡ ይልቅ ጠቃሚዎቹ ኅብረቱ ያወጣቸው ስምንቱ የችሎታ ደረጃዎች ናቸው፤ ልጁ ምን ማንበብና ምን ማስላት እንደሚችል በቃላት ይነግሩናልና። (መምህራኑም ራሳቸው ይፈተኑ እንደነበር በዚህ አጋጣሚ ልጥቀስ፤ ይህን የሚደፍር ምዘና ብዙ አይደለም።)

አሁን ወደ ሞዛምቢክ እንለፍ። በሁለተኛውና እ.ኤ.አ. በ2007 በተካሄደው በሦስተኛው ዙር መካከል የአገሪቱ የሒሳብ አማካይ ከ530 ወደ 484 አሽቆለቆለ፤ ንባቡም ከ517 ወደ 476 ወረደ። ሠንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው ትምህርቱ ፈረሰ ይላል። ነገር ግን በእነዚያው ዓመታት ሞዛምቢክ የአንደኛ ደረጃ የትምህርት ክፍያን አስቀርታ፣ የተማሪዎቿ ቁጥር በፍጥነት አድጎ ነበር። ምዘናው የሚለካው ክፍል ውስጥ የተገኘውን ልጅ ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል ከመቶ ሕፃናት 30ዎቹ ብቻ ስድስተኛ ክፍል ይደርሱ ነበር፣ ከእነርሱም 24ቱ በሚገባ ያነብቡ ነበር እንበል። ኋላ 60 ደርሰው 36ቱ ቢያነብቡ፣ ድርሻው ከ80 በመቶ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል፤ ማንበብ የሚችሉት ሕፃናት ግን በ12 ጨምረዋል። የክፍል መጨናነቅና የመምህራን እጥረት ምንም ጉዳት አላደረሱም አልልም፤ ያደረሱ ይመስለኛል። ሆኖም አማካዩ ብቻውን ሁለቱን ነገሮች ሊለይልን አይችልም።

ሁለተኛው ችግር ቋንቋ ነው። በፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች የሚካሄደው ምዘና ፓሴክ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2014 አሥር አገሮችን በሁለተኛና በስድስተኛ ክፍል መዘነ። በአማካይ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት በቋንቋ ከበቂው ደረጃ በታች ሆነው ተገኙ። ቡሩንዲ ግን ከሁሉም በልጣ ታየች። ሕፃናቱ በዚህ ክፍል የተፈተኑት በኪሩንዲ፣ ማለትም በቤታቸው በሚናገሩት ቋንቋ ሲሆን፣ የሌሎቹ አገሮች ልጆች በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ተፈትነዋል። እንግዲህ የተለካው የማንበብ ችሎታ ነው ወይስ የውጭ ቋንቋ ዕውቀት? ተቃዋሚው «ታዲያ ንጽጽሩ ፍትሐዊ አይደለም» ይላል፤ ልክ ነው። ግን በስድስተኛ ክፍል በፈረንሳይኛ ሲፈተኑም የቡሩንዲ ልጆች በንባብ ከአማካዩ በላይ ነበሩ፤ በሒሳብም ቀዳሚ ሆኑ። ከዚህ ተነሥቶ ሙሉ ድምዳሜ ላይ መድረስ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ሕዝቡ በሞላ ጎደል አንድ ቋንቋ የሚናገር አገር በአፍሪካ ጥቂት ነው።

የእኛ አገር ሁኔታ የተለየ ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአራተኛና በስምንተኛ ክፍል አገር አቀፍ ምዘና አለን። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች የንባብ ችሎታ በስድስት ቋንቋዎች ተፈተሸ፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛና በሐረሪኛ። ከሚለኩት ነገሮች አንዱ ልጁ በደቂቃ የሚያነበው የቃላት ብዛት ነበር። «አልተመለሱልንም» በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ስድስት ያህል ቃላት ይፈልጋል። ፊደሉም ይለያያል፤ የአማርኛ ተማሪ ከ200 በላይ ቅርጾችን ሲለይ፣ አፋን ኦሮሞን የሚማረው በላቲን ፊደል ያነባል። ስለሆነም በየቋንቋው የተገኘውን የፍጥነት ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ ክልልን ከክልል የሚያበላልጥ ሠንጠረዥ ሲገጥማችሁ፣ እያንዳንዱ ቋንቋ ለብቻው የተወሰነ መነሻ ልክ እንዳለው ጠይቁ። ከሌለው ያንን ሠንጠረዥ በጥናታችሁ አትጠቀሙበት።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።