ልጆቻችን የሚጫወቱት ጨዋታ የማን ነው?

ለልጆች የቪዲዮ ጨዋታ በየወሩ ከወላጅ የባንክ ካርድ የሚቈረጥ ገንዘብ በብዙ ቤት፥ ይልቁንም በውጭ አገር በሚኖሩ ምእመናን ቤት፥ የተለመደ ወጪ ሆኗል። ገንዘቡ ምን እንደሚያስገኝ ሳይመረምሩ መክፈል ግን ለቤት አስተዳደር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ነገሩን በሦስት ከፍለን እንመልከተው።

የመጀመሪያው ደንበኝነት ነው። የመጽሔት ደንበኛ የሆነ ሰው ክፍያውን ቢያቋርጥ እንኳ እስከዚያ ቀን የደረሱት እትሞች በእጁ ይቀራሉ። የጨዋታ ደንበኝነት ግን እንደ ቤት ኪራይ ነው፤ ኪራዩ የቆመ ዕለት ተከራዩ ቁልፉን ይመልሳል። ማይክሮሶፍት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. የጀመረው ጌም ፓስ እንዲህ ያለ ነው። ደንበኛው ብዙ ጨዋታዎችን ይጫወታል፤ ነገር ግን ከዝርዝሩ አንዳንዶቹ በየጊዜው ይወጣሉ፥ ሌሎችም ይገባሉ። ዋጋውን የሚወስነውም አከራዩ ነው፤ የጌም ፓስ ከፍተኛው ደረጃ በኦክቶበር 2025 በአሜሪካ ከ19.99 ወደ 29.99 ዶላር ከፍ ብሏል።

ሁለተኛው ለአንድ ጨዋታ አንድ ጊዜ ከፍሎ መውሰድ ነው። ይህም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚያስገኘው የመጫወት ፈቃድ እንጂ ፍጹም ባለቤትነት አይደለም። ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2014 ያወጣው ዘ ክሩ የተባለ የመኪና እሽቅድምድም ያለ ኩባንያው ሰርቨር የማይሠራ ነበርና፥ ሰርቨሩ በማርች 31 ቀን 2024 በተዘጋ ጊዜ ከፍለው የገዙትም ሰዎች መጫወት አልቻሉም። በዚያው ዓመት የወጣውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የጸናው የካሊፎርኒያ ሕግም፥ ፈቃድ ብቻ የሚሸጥ ነጋዴ ይህንኑ ለገዢው በግልጥ እንዲነግር አዝዟል።

ሦስተኛው የቤተ ሰብ የጋራ ማኅደር ነው። በ2003 የተከፈተው ስቲም የተባለ የጨዋታ መደብር በ2024 ባወጣው ሥርዓት፥ በአንድ ቤት የሚኖሩ እስከ 6 ሰዎች ጨዋታዎቻቸውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ በአንድነት ይጠቀማሉ። ታላቅ ወንድም የገዛውን ታናሽ እኅቱ ትጫወተዋለች፤ ሁለቱ ያንኑ ጨዋታ በአንድ ሰዓት ለመጫወት ቢፈልጉ ግን ሁለት ቅጂ ያስፈልጋል። በጋራ ለመጠቀም ያልተፈቀዱ ጨዋታዎችም አሉ። ወላጅ የልጁን የጨዋታ ሰዓት ለመወሰን ሥልጣን አለውና፥ የእሑድን ጧት ለቅዳሴ ነጻ ማድረግ ይችላል።

በዚህ ማኅደር ሁለት ነገሮች ጥንቃቄን ይሻሉ። አንደኛ፥ ልጅ በተዋሰው ጨዋታ አጭበርብሮ ቢታገድ፥ ባለቤቱም በዚያ ጨዋታ አብሮ ይታገዳል። ይህን አስቀድሞ ማስረዳት የሰውን ንብረት በአደራ ስለ መያዝ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ሁለተኛ፥ ማኅደሩ የተፈቀደው በአንድ ቤት ለሚኖሩ ነው። በእኛ ዘንድ የአጎት ልጅ ወንድም ነው፤ በሌላ ከተማ የሚኖረውን ግን ከእኛ ጋር ይኖራል ብሎ ማስገባት በልጆች ፊት የሚነገር ሐሰት ነው። ጥቂት ዶላር ለማትረፍ ሲባል ልጅ ከወላጁ መዋሸትን ቢማር፥ ኪሳራው ከትርፉ እጅግ ይበልጣል።

እንግዲህ ከመክፈል በፊት አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ይጠይቁ፦ ይህ ኪራይ ነው ወይስ ግዢ? ክፍያው በራሱ የሚታደሰው መቼ ነው? የምንካፈለውስ ከማን ጋር ነው? ዓመቱን ሙሉ አንድ ጨዋታ ለሚወድ ልጅ ያንኑ መግዛት ይሻላል፤ ብዙ ለሚለዋውጥ ኪራይ ሊረክስ ይችላል። ኪራይም መልካም ጎን አለው፤ በፈተና ወራትና በዐቢይ ጾም ሊያቋርጡት ይቻላል። የዚያን ጊዜ የተረፈውን ገንዘብ ልጆቹ በገዛ እጃቸው ለነዳያን ቢሰጡት፥ ጾሙ ከምጽዋት ጋር ይሆንላቸዋል።