የኢንተርኔት አድራሻም ገበያ ወጣ፤ አነስተኛ የሆስቲንግ ኩባንያዎች የራሳቸውን ቁጥር እንዴት ያገኛሉ?

በመርካቶ ሱቅ ተከራይቶ የሚነግድ ሰው ቤቱን ሲለቅ ስልክ ቁጥሩን ይዞ ይወጣል። ደንበኛው በዚያው ቁጥር ደውሎ አዲሱን ቦታ ይጠይቃል። የሌሎችን ድረ ገጽና ኢሜይል በኮምፒውተሮቻቸው ላይ እያኖሩ በወር የሚያስከፍሉት አነስተኛ የሆስቲንግ ኩባንያዎች ግን ብዙውን ጊዜ ይህ ዕድል የላቸውም። የሚሠሩበት የአይፒ አድራሻ መስመር የሚሸጥላቸው ድርጅት ነው። መስመር የለወጡ ዕለት ቁጥሩ እዚያው ይቀራል።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። አንድ ባንክ ከሆስቲንግ ኩባንያው ጋር የሚገናኝበትን በር ለተወሰነ ቁጥር ብቻ ከፍቶ እንደሆነ፣ ቁጥሩ ሲለወጥ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ከአዲስ ቁጥር የሚላክ ኢሜይልም በተቀባዩ ዘንድ በጥርጣሬ ይታያል። ስለዚህ ኩባንያው ዋጋ ቢጨመርበትም፣ አገልግሎት ቢጓደልበትም ጥሎ ለመሄድ ይቸገራል። የራስ አድራሻ ዋነኛ ጥቅም የመደራደር አቅም ነው።

እጥረቱ ከየት መጣ?

ዛሬም በስፋት የሚሠራበት አይፒቪ4 የተባለው የአድራሻ ዓይነት ጠቅላላ ብዛቱ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው። ማዕከላዊው የዓለም ክምችት እ.ኤ.አ. በ2011 ለአምስቱ አህጉራዊ መዝገቦች ተከፋፍሎ አለቀ። የሰሜን አሜሪካው አሪን በ2015፣ የአውሮፓና የመካከለኛው ምሥራቁ ራይፕ ኤንሲሲ በ2019 ነጻ ክምችታቸውን ጨረሱ። ኢትዮጵያ የምትገኝበት የአፍሪካው መዝገብ አፍሪኒክ ሲሆን፣ መቀመጫው ሞሪሸስ ነው። እርሱም በ2020 መጀመሪያ ላይ ወደ መጨረሻው የቁጠባ ምዕራፍ ገብቷል።

ከመዝገቡ ለማግኘት

ጠያቂው በመጀመሪያ በአፍሪካ በሕግ የተቋቋመ ድርጅት መሆን አለበት። ከዚያም ስንት ሰርቨር እንዳለው፣ ለስንት ደንበኛ እንደሚሠራና መሣሪያውን ከየት እንደገዛ በሰነድ ያስረዳል። በቁጠባው ምዕራፍ ደንብ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ከ256 አያንስም፣ ከ1,024 አይበልጥም። ፍላጎቱም የሚለካው ለመጪዎቹ 8 ወራት ነው። ተጨማሪ የሚፈልግ ሰው የቀደመውን 90 በመቶ መጠቀሙን ማሳየት ይኖርበታል።

ከ256 ያነሰ ጥቅል ቢገኝ እንኳ እምብዛም አይጠቅምም። የዓለም ታላላቅ ኔትወርኮች ከዚያ ያነሰውን በተለምዶ አያስተላልፉትም። ከአድራሻው ጋር ኔትወርኩን ለይቶ የሚያሳውቅ ኤኤስ የሚባል ቁጥርም ይጠየቃል። ይህ ቁጥር ይበልጥ የሚጠቅመው ከሁለት መስመር ሻጮች ጋር ለሚገናኝ ነው። በአገራችን ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ በመጀመሩ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሁለተኛ ኦፕሬተር አለ። ያም ሆነ ይህ፣ መስመር ሻጩ የእርስዎን አድራሻ ለዓለም ለማስተዋወቅ መስማማቱን ከማመልከትዎ በፊት በጽሑፍ ያረጋግጡ።

አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። አድራሻው እንደ ቤት ካርታ የባለቤትነት መብት አይሰጥም፤ በውል የተያዘ ምዝገባ ነው። ዓመታዊ ክፍያው ከተቋረጠ መዝገቡ መልሶ ሊወስደው ይችላል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ የየዓመቱን ዶላር አስቀድሞ ማሰብ ያሻል።

አፍሪኒክ ራሱም ከ2021 ጀምሮ በሞሪሸስ ፍርድ ቤቶች በሙግት ተጠምዶ ቆይቷል። በ2023 ፍርድ ቤት በሾመው አስተዳዳሪ ሥር ገብቶ፣ አዲስ ቦርድ የተመረጠለት በ2025 ነው። ስለሆነም ፈጣን መልስ ጠብቆ ለደንበኛ ቀን መቁረጥ አይመከርም።

ከገበያ መግዛትስ?

ክምችቱ ሲያልቅ ደላላው መጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 ማይክሮሶፍት ከከሰረው ኖርቴል 666,624 አድራሻዎችን በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ አንዱ 11 ዶላር ከሩብ ወጣለት። አማዞን ደግሞ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ አድራሻ በሰዓት ግማሽ ሳንቲም የአሜሪካ ዶላር ያስከፍላል። በዚህ ሒሳብ 256 አድራሻ በዓመት ከ11,200 ዶላር በላይ ኪራይ ያወጣል።

ገዢ ግን ድንበሩን ይወቅ። አሪን፣ ራይፕ ኤንሲሲና የእስያው አፕኒክ እርስ በርስ ዝውውር ይፈቅዳሉ፤ አፍሪኒክ ግን በዚህ ሥርዓት ውስጥ ስላልገባ ከአሜሪካ የተገዛ አድራሻ ወደ አፍሪካው መዝገብ አይዛወርም። በአፍሪካ ውስጥ ባሉ ድርጅቶች መካከል የሚደረግ ዝውውርም መዝገቡ ሲያጸድቀው ብቻ ይጸናል።

ስለዚህ ሻጩ በመዝገቡ ላይ ስሙ መኖሩን፣ አድራሻው በኢሜይል አጭበርባሪዎች ጥቁር መዝገብ አለመግባቱን ማጣራት ይገባል። ገንዘቡም ዝውውሩ እስኪጸድቅ በሦስተኛ ወገን እጅ ቢቆይ ይመረጣል።

ማን ይጀምር?

ጥቂት ደርዘን አድራሻ የሚበቃው ኩባንያ ለጊዜው ቢከራይ ይሻለዋል። 256ቱን በወራት ውስጥ ሥራ ላይ የሚያውል ግን ዛሬውኑ ሰነዱን አዘጋጅቶ ተራ ቢይዝ አይጎዳም። አዲሱን አይፒቪ6 አብሮ መጠየቅም ብልህነት ነው፤ እርሱ እጥረት የለበትም። ሆኖም አሮጌውን ብቻ የሚጠቀሙ ደንበኞች ብዙ ስለሆኑ ብቻውን አያሠራም። መስመር ሻጩ ዋጋ ከጨመረ በኋላ አድራሻ ፍለጋ መነሳት ግን ገበያው ከተበተነ በኋላ እንደመድረስ ይሆናል።