እንግዳ ሰው ያየው ነገር፦ ስለ ጣሊያን አስፈሪ ፊልሞች

  የዛሬው ንግግራችን በሮቫ ዩድ ቤትም ሆነ በሌላ ሰፈር አዲስ የገባን ቤተሰብ ሁሉ ሊያጋጥም የሚችል ጉዳይ ነው። ልጆች ማታ ማታ በቴሌቪዥን ወይም በስልካቸው ደም የሚፈስበት ፊልም ያያሉ። ወላጅ ቋንቋው ስለማይገባው ጩኸቱን ብቻ ይሰማል፤ “ምኑ ደስ ብሏቸው ነው?” እያለ ይጨነቃል። ልጁ ደግሞ “ፊልም እኮ ነው!” ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ለመፍረድ ግን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ስለዚህ ከዚህ ዓይነቱ ፊልም አባቶች አንዱ ስለሆነው፣ ጣሊያኖች “ጃሎ” ስለሚሉት የፊልም ዓይነት እናወጋችኋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጣሊያንና ሲኒማ ለእኛ ባዕድ አይደሉም። ጎንደር ፒያሳን የሚያውቅ ሰው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከሠሯቸው ሕንፃዎች መካከል ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን አይረሳም። በአስመራም በ1937 የተሠራው ሲኒማ ኢምፔሮ እስከ ዛሬ ቆሟል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከወረራው በፊት ተከፍቶ የነበረውን አንድ ሲኒማ ቤት ሕዝቡ “ሰይጣን ቤት” ይለው ነበር፤ ጥላ በግድግዳ ላይ እንደ ሰው ሲራመድ ማየት የሰይጣን ሥራ መስሎ ታይቷልና። እንግዲህ ፊልምን መፍራት በእናንተ አልተጀመረም ማለት ነው።

“ጃሎ” በጣሊያንኛ “ቢጫ” ማለት ነው። ሞንዳዶሪ የተባለው የሚላኖ አሳታሚ ድርጅት ከ1929 ጀምሮ የወንጀል ታሪኮችን ቢጫ ሽፋን እያለበሰ ያወጣ ነበር። ብዙዎቹ ከእንግሊዝኛ የተተረጎሙ ነበሩ። መጽሐፎቹ እጅግ ስለተወደዱ ጣሊያኖች ማንኛውንም የወንጀል ታሪክ “ቢጫ” ማለት ለመዱ። ከመጽሐፍ ወደ ፊልም የተሻገረውም በዚሁ ስም ነው።

በፊልም መንገዱን የከፈተው ማሪዮ ባቫ ነው። በ1963 “ብዙ የምታውቀው ልጅ” የሚል ትርጉም ያለው ፊልም ሠራ። በ1964 ደግሞ “ስድስት ሴቶች ለገዳዩ” የሚለውን አወጣ። ታሪኩ የሚፈጸመው ሮም ውስጥ በአንድ የሞድ ልብስ ቤት ነው። ገዳዩ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ጥቁር ካፖርት ለብሶ፣ ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ ይመጣል። ቤቱ ግን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሐምራዊ መብራት እንደ ሠርግ ቤት ያሸበረቀ ነው። አስፈሪውን ነገር ባማረ ነገር መጠቅለል ከዚያ ወዲህ የጃሎ ምልክት ሆነ።

ከባቫ በኋላ ዳሪዮ አርጄንቶ መጣ። በ1970 ያወጣው የመጀመሪያ ፊልሙ ርዕሱ “ባለብርጭቆ ላባዋ ወፍ” እንደ ማለት ነው። ሮም ውስጥ የሚኖር አንድ አሜሪካዊ ጸሐፊ፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ቀን ሲቆርጥ፣ ማታ በአንድ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ በኩል ያልፋል። በመስታወቱ በስተውስጥ ሁለት ሰዎች ሲታገሉ ያያል። ሊያድን ሲሮጥ በሁለት የመስታወት በሮች መካከል ተቆልፎበት ይቀራል፤ ያያል እንጂ አይሰማም፣ ይጮኻል እንጂ ድምፁ አይደርስም። ፖሊስም ፓስፖርቱን ይይዝበታል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በባቫ የ1963ቱ ፊልም ወንጀሉን የምታየው ሮም የገባችው በዚያው ዕለት የሆነ አሜሪካዊት ወጣት ናት፤ የሚያምናት ታጣለች። አርጄንቶ በ1975 በሠራው “ጥልቅ ቀይ” ምስክሩ በጣሊያን የሚኖር እንግሊዛዊ ፒያኖ ተጫዋች ነው። በ1977 በወጣው “ሱስፒሪያ” አንዲት አሜሪካዊት በዝናብ ሌሊት ጀርመን አገር ከሚገኝ የዳንስ ትምህርት ቤት ትደርሳለች፤ በሩን የሚከፍትላት ግን አታገኝም። “ሱስፒሪያ” ጠንቋዮች ያሉበት ስለሆነ ከጃሎ ይልቅ የመናፍስት ፊልም ይባላል፤ በጃሎ ገዳዩ ሁልጊዜ ሰው ነው። ባለታሪኩ ግን በአራቱም አንድ ነው፤ በሰው አገር ያለ፣ ያየው ነገር ያልገባው እንግዳ።

በመስታወት ውስጥ እያዩ አለመስማት ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። በቢሮ መስኮት ፊት የቆመ፣ ኡልፓን ገና የጀመረ ሰው ያውቀዋል። ልጆቻችሁም በትምህርት ቤት ያውቁታል። ስለዚህ ልጁ የሚያየው ደሙን ብቻ ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ እንደ እርሱ ግራ የተጋባ ሰው እንዴት እንደሚወጣው እያየም ሊሆን ይችላል። በአገር ቤት በምድጃ ዳር የጅብ ተረት ሲነገር ልጆች እየፈሩ “ከዚያስ?” ይሉ የለምን? በእናት ጎን ተቀምጦ መፍራት ይጣፍጣል።

ጣፋጭነቱ ግን በብልሃት የተሠራ ነው። የገዳዩ ፊት እንዳይታይ ካሜራው ጥቁር ጓንት የለበሰውን እጅ ብቻ ያሳያል፤ አርጄንቶ በፊልሞቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ የገዳዩን እጅ ሆኖ የሠራው ራሱ ነው። ደሙ ከእውነተኛ ደም ይልቅ የደመቀ ቀለም ነው። ሙዚቃውም ግማሹን ፍርሃት ያመጣል፤ ለ1970ው ፊልም ኤኒዮ ሞሪኮኔ፣ ለ“ጥልቅ ቀይ”ና ለ“ሱስፒሪያ” ደግሞ ጎብሊን የተባለው የሙዚቃ ጓድ ተጫውተዋል። ድምፁን አጥፍታችሁ ብታዩት ፍርሃቱ ሲቀንስ ትታዘባላችሁ።

ነቀፌታም አለበት፤ ተገቢ ነቀፌታ ነው። በእነዚህ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚገደሉት ቆንጆ ሴቶች ናቸው፤ አሟሟታቸውም እንደ ጌጥ ተደርጎ ይታያል። ሴትን መምታትና መግደል ያማረ ነገር መስሎ ለልጅ መቅረብ የለበትም። ወንድ ልጅም ሴት ልጅም ይህን ከወላጃቸው አፍ ይስሙት።

ሆኖም ጃሎ አንድ ደግ ትምህርት አለው። በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ለየት ያለው ሰው ነው፤ ጥርጣሬውም ብዙ ጊዜ ስህተት ይሆናል። አሜሪካዊው ጸሐፊ ዓይኑ አላታለለውም፤ ነገር ግን አጥቂውንና ተጠቂውን አገላብጦ ተረድቷል። ፒያኖ ተጫዋቹም አንድ ሥዕል ከግድግዳው ጠፍቷል ብሎ ያስባል፤ ያየው ግን ሥዕል አልነበረም። መፍትሔው የሚገኘው መጀመሪያ የታየውን እንደገና በማሰብ ነው። አንጥረኞቻችንንና ሸክላ ሠሪዎቻችንን ጎረቤት “ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ” ይላቸው እንደነበር ለምናውቅ ለእኛ፣ ይህ ትምህርት ቀላል አይደለም። ሰው በችኮላ አይቶ የፈረደው ፍርድ ስንቱን ቤት ጎድቷል!

ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ በእስራኤል በ2001 በወጣ ሕግ መሠረት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ፕሮግራሞችን በዕድሜ ለይተው ምልክት ማድረግ አለባቸው። ዕብራይስጥ ባታነቡም ቁጥሩን ታነባላችሁ፤ 18 ከተባለ ለሕፃን አይደለም። በስልክ ግን ጠባቂው እናንተ ናችሁ። ሁለተኛ፣ ትንንሽ ልጆች በታላላቆቻቸው ትከሻ ላይ ሆነው እንዳያዩ ክፍሉን ለዩ፤ እንቅልፍ የሚያጡት እነርሱ ናቸው። ሦስተኛ፣ ጎልማሳ ልጅ ካላችሁ አንድ ቀን ሰንበት ከወጣ በኋላ አብራችሁ ተቀመጡና “እስቲ ተርጉምልኝ፤ ሰውየው ምን አየ? ማንን ጠረጠረ? ለምን ተሳሳተ?” ብላችሁ ጠይቁት። በቢሮና በሐኪም ቤት የሚያስተረጉማችሁ ልጅ በዚህ ጊዜ የሚያወጋችሁ ልጅ ይሆናል። ካልወደዳችሁትም አይታችሁ ብትነቅፉት ቃላችሁ ይሰማል፤ ከሌላ ክፍል ሆኖ “አጥፋው!” ማለት ግን በሩን ከመዝጋት በቀር የሚያመጣው ነገር የለም።

ለዛሬ የያዝነው ይኸው ነበር። በሚቀጥለው እስክንገናኝ ቤታችሁ የሰላም ቤት ይሁን። ሻሎም!