አምስት ምስክር ያልበቃው ሕግ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ይህ አባባል ለሒሳብ ተማሪም እንደሚሠራ ለማሳየት፥ ስለ አንድ ትልቅ ቁጥር ጥቂት ለመጻፍ አሰብኩ። ቁጥሩም 4,294,967,297 ነው።

አስቀድሜ ብቸኛ ቁጥር ምን እንደ ሆነ ላስታውስ። ከ1 የሚበልጥ ሆኖ፥ ለ1ና ለራሱ ካልሆነ በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ሙሉ ቁጥር፥ ብቸኛ ቁጥር ይባላል። 7 እና 13 እንደዚህ ናቸው፤ 15 ግን ለ3ና ለ5 ስለሚካፈል ብቸኛ አይደለም።

አሁን ከ2 እንነሣና የምናገኘውን ሁሉ መልሰን በራሱ እናብዛው። 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65,536 ይሆናል። በእያንዳንዱ ላይ 1 ብንጨምር 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 እናገኛለን። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ፒየር ደ ፌርማ የተባለው ፈረንሳዊ የሕግ ሰውና የሒሳብ ሊቅ ይህን ተመልክቶ፥ በዚህ መንገድ የሚገኙት ቁጥሮች ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ እንደሚያምን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1640 ዓ.ም. ጻፈ። ማረጋገጫ እንዳላገኘለት ግን አልሸሸገም።

ስድስተኛው ቁጥር እንግዲህ የእኛው 4,294,967,297 ነው። ይህ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ቢሆን፥ ከሁለቱ አንዱ ከ65,536 መብለጥ አይችልም፤ ሁለቱም ቢበልጡ ብዜታቸው ከቁጥሩ ያልፋልና። ስለዚህ በተራው መንገድ ለመመርመር ከ65,536 በታች ላሉት 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ እያካፈሉ መሞከር ሊያስፈልግ ነው። ይህ እጅግ አድካሚ ሥራ ነው።

ሆኖም የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሊቅ ሌዮናርድ ኦይለር በ1732 ዓ.ም. የፌርማ ግምት ትክክል አለመሆኑን አስታወቀ። ይህን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍል ማናቸውም ቁጥር፥ ራሱ ለ64 ሲካፈል 1 ቀሪ መተው እንዳለበትም አስረዳ። ይህን ጠባይ ከያዙት ብቸኛ ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው። እኔም በወረቀት ላይ አካፍዬ ቀሪዎቹን በተራ 109፣ 2፣ 325 እና 288 ሆነው አገኘኋቸው። በ641 ጊዜ ግን ቀሪ የለም፤ ድርሻው 6,700,417 ነው። የተጠራጠረ 6,700,417ን በ600፣ በ40ና በ1 አባዝቶ ይደምር።

እስከ ዛሬ ድረስ ከአምስቱ ሌላ በዚህ መንገድ የተገኘ ብቸኛ ቁጥር የለም። ከስድስተኛው እስከ ሠላሳ ሦስተኛው ያሉት 28 ቁጥሮች ብቸኛ አለመሆናቸው ተረጋግጧል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? እኛ ተማሪዎች አንድን ደንብ በሁለትና በሦስት ምሳሌ ሞክረን «ትክክል ነው» ማለት ይቀናናል። ነገር ግን አምስት ምስክር ያቆመውን ሕግ አንድ ምስክር አፈረሰው። የታላቅ ሊቅ ቃል ቢሆንም እንኳ ማረጋገጫ እስኪገኝለት ድረስ ግምት ነው። ፌርማ ግምቱን ማረጋገጫ ነው ስላላለ ክብሩ አልተነካም።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፥ ለዕረፍት ጊዜያችሁ አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ። አንድ ቁጥር ውሰዱ፤ በራሱ አባዙት፤ ራሱን ቁጥሩንና 41ን ጨምሩበት። ከ1 እስከ 39 ብትሞክሩ ውጤቱ ሁልጊዜ ብቸኛ ቁጥር ነው። በ40 ምን እንደሚሆን ግን ለእኔ ብላችሁ ሳታምኑ ራሳችሁ ሠርታችሁ እዩት።