የዳይሬክተሩ ሐሳብና የነጋዴው ውሳኔ

በቴሌቪዥን ዕቃውን ለማስተዋወቅ የተነሣ ነጋዴ ገና ያልተሠራ ነገር ይገዛል፤ ዋጋው የሚቆረጠው ፊልሙ ከመነሣቱ በፊት ነውና።

በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር የማስታወቂያው ድርጅት ድርሰቱን አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት ዳይሬክተሮች ይልካል። እያንዳንዱም በሙያው ሰዎች ዘንድ ትሪትመንት የተባለውን መግለጫ ያቀርባል፤ ይኸውም የተዋናዮቹን ጠባይ፥ ቦታውን፥ ብርሃኑንና ሙዚቃውን፥ የካሜራውንም አካሄድ በጽሑፍና በሥዕል የሚያስረዳ ነው። ያልተመረጡት ሁለቱ ለድካማቸው ብዙውን ጊዜ አንዳች አይከፈላቸውም፤ ይህም በእኛ አስተያየት የሚያስመሰግን ልማድ አይደለም።

ነጋዴው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ዕቃዬ የት ይታያል?» ብሎ ነው፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ማኪንቶሽ የተሰኘውን ኮምፒዩተር እንዲያስተዋውቅለት የእንግሊዙ ዳይሬክተር ሪድሊ ስኮት ባዘጋጀው የ60 ሰከንድ ፊልም ላይ ግን ኮምፒዩተሩ ራሱ አይታይም፤ የሚታየው አምባገነን የሚናገርበትን ታላቅ ስክሪን በመዶሻ የምትሰብር ሴት ናት። የኩባንያው ቦርድ አይቶ አልወደደውም፤ የተገዛው የአየር ጊዜ ይሸጥ እስከ መባል ተደርሶ ነበር። ሆኖም ጃንዋሪ 22 ቀን 1984 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ እግር ኳስ ሻምፒዮና መካከል ታየ፤ የዜና ማሰራጫዎችም ያለ ክፍያ ደጋግመው አሳዩት።

እንዲህ ያለ ደፋር ሐሳብ ያለው ዳይሬክተር ዕቃው የተሰወረበትን ምክንያት በመግለጫው ውስጥ በግልጽ ሊጽፍ ይገባዋል። ነጋዴውም የዋጋውን ዝርዝር ብቻ አይቶ ከመወሰን ይልቅ፥ ከማስታወቂያው ድርጅትና ከዳይሬክተሩ ጋር ተቀምጦ መግለጫውን ገጽ በገጽ ያንብብ፤ የተስማሙበትንም ከውሉ ጋር አያይዞ ያስፈርምበት።