ሸማና እንሰት፦ ክረምት በዶርዜ ግቢ

ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን በሚገኙት የጋሞ ደጋዎች የሚኖረው የዶርዜ ሕዝብ በመላ ኢትዮጵያ የታወቀው በሽመና ሙያው ነው፤ ይሁን እንጂ የዶርዜን ሸማኔ ከጓሮው ነጥሎ የሚመለከት ሰው የኑሮውን ግማሽ ብቻ ነው የሚያየው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በሚገኙት መንደሮች ቤቱ፣ የሽመናው ስፍራና የእንሰቱ ተክል በአንድ አጥር ውስጥ የሚገኙ ሲሆን፣ የእርስ በርስ ትስስራቸው ጎልቶ የሚታየው ጉም ተራራውን በሚሸፍንበት በክረምት ነው።

የሥራው መነሻ የሴቶች ድርሻ ነው። ጥጥ በደጋ ስለማይበቅል ከቆላ ይመጣና በመጀመሪያ ይዳመጣል፣ ማለትም ፍሬው ከጥጡ ይለያል፤ ቀጥሎም በደጋን ተነድፎ ሲፍታታ ባዘቶ ይሆናል። ፈታይዋ ከባዘቶው ጫፍ ጥቂት ስባ ከእንዝርቱ ጋር ካያያዘች በኋላ እንዝርቱን እያሾረች ክሩን ታከርራለች። የክሩን ውፍረት የሚወስነው በጣቶቿ መካከል የሚያልፈው የጥጥ መጠን በመሆኑ፣ ቀጭንና አንድ ወጥ ክር ማውጣት የዓመታት ልምድ ይጠይቃል፤ ሸማው ሲሞገስ ግን ይህ ጥበብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ሽመናው የወንዶች ሙያ ነው። ሸማኔው በጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰድዳል፤ ከፊቱ በቁመት የተወጠረው ክር ድር፣ በአግድም የሚገባው ደግሞ ማግ ይባላል። በእግሩ ሲረግጥ ድሩ ላይና ታች ሆኖ ይከፈታል፤ ማጉ የተጠቀለለበትን ቀሰም የያዘው መወርወሪያም በክፍተቱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያልፋል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ባለቀለሙ ክር በጣት እየተቆጠረ በድሩ መካከል ስለሚገባ የሥራው ፍጥነት እጅግ ይቀንሳል፤ የሸማው ዋጋም በአብዛኛው የሚለየው በዚህች ጠባብ ጠርዝ ነው።

ክረምቱ ለዚህ ሥራ ይመቻልም፣ ያስቸግራልም። የጥጥ ክር እርጥበት ሲያገኝ ስለሚጠነክርና በጣም ሲደርቅ ስለሚበጠስ፣ የጉሙ አየር ለድሩ ይስማማዋል፤ በአንጻሩ የታጠበ ክር ቶሎ አይደርቅም፣ ከቀርከሃ ተሠርቶ የቆመው ረጅም ቤትም መስኮት ስለሌለው በደመናማ ቀን ብርሃን ያጥረዋል። ወቅቱ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት በመሆኑ ልጆች ማግ በቀሰም እየጠቀለሉ ሙያውን ከአባቶቻቸው ይቀስማሉ። ይህ በወላጅ ዓይን ሥር የሚገኝ ትምህርት፣ ከቤተሰብ ተነጥለው በከተማ ሽመና ቤቶች ጉልበታቸው ከሚበዘበዘው ሕፃናት ሕይወት ጋር ፈጽሞ ሊምታታ አይገባም።

ሸማው ተሸጦ ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ ቤተሰቡን የሚያቆየው እንሰት ነው። ሙዝ የሚመስለው ይህ ተክል የሚፈለገው ለፍሬው ሳይሆን ለግንዱና ለሥሩ ሲሆን፣ ለመድረስ በርካታ ዓመታት ስለሚፈጅ በአንድ ጓሮ ውስጥ ከችግኝ እስከ ጎልማሳ ልዩ ልዩ ዕድሜ ያላቸው ተክሎች ጎን ለጎን ይታያሉ። ሴቶች ግንዱን ፍቀው በቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ይቀብሩታል፤ እዚያም ሲብላላ ቆጮ ይሆናል፣ ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ደግሞ ቡላ ይባላል። መሬቱን የሚያለማው ከበረት የሚወጣው ፍግ ነው። በአቅራቢያው ያለችውን የጨንቻን ከተማ ያስጠራው አፕልም፣ ገብስና ድንችም በዚሁ አካባቢ ይበቅላሉ፤ የሸማ ገበያ ሲቀዘቅዝ ቤተሰብን ከረሃብ የሚጠብቀው ግን በቀዳሚነት እንሰቱ ነው።

ነሐሴ ሲገባ ሥራው ይጣደፋል፤ እንቁጣጣሽና መስቀል ተከታትለው ስለሚመጡ የሸማ ፈላጊው ይበዛል፣ በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር ክር የሚሸመነው ዱንጉዛም በዓሉን የሚያደምቅ ልብስ ነው። በጋሞ መስቀል የዓመቱ ታላቅ በዓል ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ በሽመና የሚተዳደሩ ተወላጆች ሳይቀሩ ወደ አገራቸው ይመለሱበታል። ስለዚህ የክረምቱ ሸማ ለሥጋውና ለቅቤው መግዣ ሲውል፣ ለተመላሹ የሚቀርበው ቆጮ ከገበያ ሳይሆን ሴቶቹ አስቀድመው ከቀበሩት ጉድጓድ ይወጣል። ከበዓሉ በኋላ የከተማው ሸማኔ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲመለስ፣ እንሰቱን የመንከባከቡ ኃላፊነት እቤት በቀሩት እናቶችና ሚስቶች ላይ ይወድቃል።