ባለሙያ ሲለቅ ጉዳይ እንዳይቆም፦ የሥራ እርካታና የሠራተኛ ፍልሰት በመንግሥት ተቋማት

ጉዳዩን ለማስፈጸም ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሄደ ተገልጋይ «ፋይሉን የያዘው ባለሙያ ሥራ ለቋል» የሚል ምላሽ ሊያጋጥመው ይችላል። ይህ ምላሽ ለተገልጋዩ ተጨማሪ ምልልስ ሲሆን ለተቋሙ ደግሞ በዓመታት የተገኘ ልምድ መጥፋቱን ያመለክታል። በመሆኑም የሠራተኛ እርካታ ጉዳይ የተቋማት የውስጥ አስተዳደር ብቻ ሳይሆን የአገልግሎት ጥራት ጉዳይም ነው።

ሠራተኞች ለምን ይለቃሉ?

ቀዳሚው ምክንያት ደመወዝ ነው። የቤት ኪራይ፣ የትራንስፖርትና የምግብ ወጪ ሲጨምር ቋሚ ደመወዝ የሚያገኝ ሠራተኛ የመግዛት አቅሙ ይዳከማል። ይህን ጫና ለማቃለል ከመስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው ማሻሻያ የመንግሥት ሠራተኞች ዝቅተኛ የወር ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ባለሙያ መነሻ ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ይሁንና በሒሳብ፣ በሕግ፣ በምህንድስናና በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የሠለጠኑ ባለሙያዎችን ባንኮችና ሌሎች ድርጅቶችም ይፈልጓቸዋል። የጡረታ ዋስትና በአዋጅ ቁጥር 715/2003 የግል ድርጅት ሠራተኞችን መሸፈን ከጀመረ ወዲህም ጡረታ ሠራተኛውን በመንግሥት ሥራ የማቆየት ኃይሉ ቀንሷል።

ደመወዝ ብቻውን ግን እርካታን አያስገኝም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፍሬድሪክ ኸርዝበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ጥናት ደመወዝና የሥራ ሁኔታ መጓደላቸው ቅሬታን እንደሚፈጥር፣ እርካታ ግን በዋናነት ከሥራው ውጤት፣ ከዕውቅና፣ ከኃላፊነትና ከዕድገት እንደሚመነጭ አመልክተዋል። የደረጃ ዕድገቱ በግልጽ መስፈርት የማይመራለት፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘናውም ትጉሁንና ቸልተኛውን በእኩል ነጥብ የሚያስቀምጥበት ሠራተኛ ደመወዙ ቢሻሻልም የተሻለ ዕድል ሲያገኝ መልቀቁ የሚጠበቅ ነው።

ከተቋማት የሚጠበቅ ተግባር

ሠራተኛ ሥራ የመልቀቅ መብት አለው፤ ተቋሙም አገልግሎቱን የማስቀጠል ግዴታ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 1064/2010 ተደንግጎ የቆየው የአንድ ወር ቅድመ ማስታወቂያ ሁለቱን የሚያስታርቅ ነው። ጊዜው ውዝፍ ጉዳዮችን በዝርዝር ለመመዝገብ፣ ሰነዶችን በጽሑፍ ለማስረከብና ተተኪ ለመመደብ መዋል ይኖርበታል። የጉዳዩ ሂደት በመዝገብ ወይም በኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ ከሰፈረ ባለሙያው ቢለወጥም ጉዳዩ ካለበት ደረጃ ይቀጥላል።

ተገልጋዩ ሊያደርግ የሚገባው

• ማመልከቻ ሲያስገባ የመዝገብ ቁጥርና ቀን መቀበል፣ የሰነዶቹንም ቅጂ በእጁ ማስቀረት፤
• ለአገልግሎቱ የተቀመጠውን ጊዜ ከተቋሙ የዜጎች ቻርተር ማረጋገጥ፤
• ባለሙያው ለቋል ከተባለ ጉዳዩን የተረከበው ማን እንደሆነ የሥራ ክፍሉን ኃላፊ መጠየቅ፤
• ምላሽ ካላገኘ ቅሬታውን በጽሑፍ ለተቋሙ ቅሬታ ሰሚ ክፍል፣ በዚያም መፍትሔ ካጣ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ።

ማመልከቻ የሚቀርበው ለተቋሙ እንጂ ለግለሰብ ባለመሆኑ፣ በሠራተኛ መልቀቅ ምክንያት ተገልጋዩ እንደ አዲስ እንዲጀምር መደረግ የለበትም።

በሌላ በኩል በአስተያየት መስጫ መዝገብ ላይ ቅሬታ ብቻ ሳይሆን ምስጋናም ሊሰፍር ይገባል። በትጋት ያገለገለን ባለሙያ ሥራ ለይቶ የሚጠቅስ አስተያየት ለኃላፊዎች ማስረጃ፣ ለሠራተኛውም ዕውቅና ይሆናል። ልምድ ያለው ባለሙያ በሥራው ላይ ሲቆይ ቀዳሚው ተጠቃሚ ተገልጋዩ ነው።